«እናትየው ራሳቸው ታመው ይሆናል»

የሆስፒታሉ አትክልተኛ በግቢው ውስጥ ሁለት መጠሪያ አላት። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ስፔሻሊስቷ»። ሁለተኛውንም ታውቀዋለች፣ ቅር አይላትም። አንድ ጊዜ አንዱ ዘበኛ ከኋላዋ «ስፔሻሊስቷ ገብታለች እንዴ?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰምታ፣ ዞር እንኳ ሳትል «ገብታለች፤ ካርድ አውጣና ተራ ያዝ» ብላው አልፋለች።

ስሙ እንዲያው አልወጣላትም። አጉሊ መነጽሯን በጫማ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ከሽርጧ ኪስ አንድ ስለታም ቢላና አንድ ትንሽ ጠርሙስ አልኮል አይጠፋም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከማለፏ በፊት ቢላዋን በአልኮል ትወለውላለች፤ ሰው ቢያጣድፋትም፣ ዝናብ ቢመጣባትም፣ ዳይሬክተሩ ቆመው ቢጠብቋትም። የተክሎቿን ስም የምትጽፈው ከተጣለ የራጅ ፊልም ቆርጣ ባዘጋጀችው ምልክት ላይ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ወረቀት ይሟሟል፣ ራጅ ግን ክረምት ከበጋ ያው ነው። የአበባ ስም ለማንበብ ጎንበስ ያለ ጠያቂ ከፊደሉ ጀርባ የማያውቀውን ሰው ጎድን አጥንት አይቶ ብድግ ይላል።

የሠለጠነችው ሁለት ዓመት ነው፤ የሠራችው አሥራ ዘጠኝ። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ባልታጠበ ቢላ በሽታን ከአንድ ተክል ወደ ሙሉ መደብ አዳርሳ፣ ጉድጓድ ቆፍራ ሁሉንም በገዛ እጇ ቀብራለች። ስለ ቢላው የሚያሾፍባት ሲመጣ «አንዴ ገዳይ ሆኛለሁ፣ ይበቃኛል» ትላለች። ባል አግብታ ፈታለች፤ አልወለደችም። በአሥር ዓመት የምትበልጣትን ታናሽ እህቷን ግን ጠጉሯን ሠርታ፣ ደብተሯን ሸፍና፣ እንደ ልጅ አሳድጋለች።

ከግቢው ተክል ሁሉ አብልጣ የምትወደው ከልብስ እጥበት ክፍሉ ጀርባ ያለውን የጡሩምባዎች መደብ ነው። የወረቀት ስማቸው አማሪሊስ ነው፤ ቀይ አበባቸው አፉን እንደ ጡሩምባ ከፍቶ ስለሚቆም ግን የግቢው ሰው በሙሉ ጡሩምባ ይላቸዋል። ከአፈር በታች ያለው ነገር ትልቅ ሽንኩርት ይመስላል፤ እሷ «ራስ» ትለዋለች። ራሱ አንገት አለው፤ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋው ታችኛው ክፍል ደግሞ መቀመጫው ነው። ትልቁ ራስ እናት፣ ከጎኑ የሚበቅሉት ትንንሾቹ ልጆች ይባላሉ። እናቶቹ እሷ ከመቀጠሯ በፊት የተተከሉ፣ በአገልግሎት ዘመን የሚበልጧት ስለሆኑ አንቱ ትላቸዋለች። «እናትየው ዘንድሮ አኩርፈውብኛል» ስትል የሰማ አዲስ ነርስ ነገሩ እስኪገባው አንድ ሳምንት ይፈጅበታል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የአሥር ቀን እረፍቷን ጨርሳ በተመለሰችበት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ላይ መደቡ ጋ ደርሳ ክው ብላ ቀረች። ቅጠሎቹ ላይ ነጠብጣብ ወጥቷል። የምስር ፍሬ የሚያክል፣ መሃሉ ነጥቶ እንደ ወረቀት የደረቀ፣ ዙሪያው ቡናማ የሆነ ነጠብጣብ ነው። ያሉት አሥራ አንድ እናቶች ናቸው፤ የተረፈ አንድም የለም።

ለመደቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ነቅለን እንተክላለን» ብላ ታልፈው ነበር። ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ከዚሁ መደብ አራት እናትና አርባ ልጅ አንስታ ለእህቷ ሰጥታለች። እህቷ አሥራ አራት ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀምጣ ወገቧ አልታዘዝ ሲላት፣ «ተይው፣ ውጪ! ከቤትሽ ጀርባ አበባ ትከይ፣ እኔ አለሁልሽ» ብላ ያስወጣቻት ይቺው አትክልተኛ ናት። አሁን እዚያ ጓሮ ውስጥ ከጡሩምባዎቹ ጎን ሦስት መቶ ግላዲዮለስና አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት አለ። ሐሙስ ደግሞ የአንድ ሆቴል አትክልተኛ መጥቶ ሊያይና ከወደደው ደንበኛ ሊሆን ቀጠሮ ይዟል።

በሽታ ከሆነ ተነቅሎ መቃጠል አለበት፤ ጡሩምባው ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለው ሁሉ። እህቷን ከሥራዋ አስወጥታ በሽታ ሸለመቻት ማለት ነው። የዚያን ዕለት ልጆቹን ከእናቶቹ ስትለይ ቢላዋን ወልውላ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። እህቷ አጠገቧ ቆማ ስለ ፋብሪካው አለቃ አረማመድ እየተረከች በሳቅ ስትገድላት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ እንደወለወለች ታስታውሳለች። የቀሩትን? እንጃ።

ስልክ አወጣችና ደወለች። ያነሳው የእህቷ ባል ነው። ሰውየው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ የሚጠግንባት ዳስ ከቤቱ በር ጋር የተያያዘች ናት፤ እህቷ ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው እዚያ ነው። ኮምፕረሰሩ ይንደቀደቃል።

«ሃሎ! እትዬ! ጮክ በይ!»

«ስለ ጡሩምባዎቹ ነው የደወልኩት!»

«ጡሩምባ? አዎ፣ የጭነት መኪናው ነው፣ አሁን ይሄዳል! ተናገሪ!»

«ስማኝ! እናትየው ራሳቸው ታመው ይሆናል! እኔ እስክመጣ ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ! ውሃ ጠብታ እንዳይቀምሱ! ከጎረቤት ጋር እንዳይነካኩ! መቀመጫቸውን አገላብጬ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም!»

ከዚያ የሰውየው ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «እሺ እትዬ… እሺ። ለእሷስ ልንገራት?»

«ንገራት እንጂ! ግን እንዳትደነግጥብኝ ቀስ ብለህ!»

ዘጋች። «አበባ ታመመ ሲሉት እንዲህ ያዝናል፤ ደግ ሰው ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የእሷ የመጀመሪያ ሕግ አለመንካት ነው። እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና መደቡን እንደ ፎቶግራፍ አየችው። ከዚያ ተጠግታ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ አጉሊ መነጽሯን አንድ ቅጠል ላይ ደቀነች። ተባይ የለም። ድር የለም። ሻጋታ የለም። ቅጠሉን ገለበጠችው፤ ጀርባው ንጹሕ አረንጓዴ ነው። ነጠብጣቡ ከላይ ብቻ ነው ያለው። «እንዴት ነው ነገሩ?» አለች ለቅጠሉ።

ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ልማዷ አይደለም። ከዳር ያሉትን እናት መረጠች፤ አፈሩን በእጇ ጠርጋ ራሱን አወጣችው። ጎኑ ላይ ቀይ መስመር አየች። ጡሩምባ የሚጨርስ አንድ ክፉ በሽታ አለ፤ ራሱ ላይ በቀይ ነው የሚጀምረው፣ መድኃኒቱም እሳት ብቻ ነው። ቢላዋን ወለወለች። ደግማ ወለወለች። የላይኛውን ልባስ እንደ ሽንኩርት ላጠችው። ቀዩ ወደ ሁለተኛው ልባስ ዘልቋል፤ ደብዝዟል ግን። ሦስተኛውን ስትልጥ ነጭ ሆነ። አራተኛው በረዶ መሰለ። መስመሩን ዳግም በመነጽር ስታየው ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ጠባሳ አገኘች፤ የዶማ ጫፍ ነው። ጡሩምባ ሲቆስል ቁስሉን በቀይ ይደፍነዋል፤ ይኼን ከሥልጠናዋ ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች፣ በድንጋጤ ጠፍቷት እንጂ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የኔው ዶማ ነው» አለችና መለሰቻቸው።

ሁለት ራስ ጨምራ አወጣች። መቀመጫቸው ጠንካራ፣ ሥራቸው ነጭ፣ ሽታቸው ንጹሕ አፈር። ነፍሷ በመጠኑ መለስ አለች። ከአፈር በታች ደህና፣ ከአፈር በላይ ነጠብጣብ። ታዲያ ምንድን ነው?

ያኔ ነው ዓይኗ ወደ ጎረቤቶቹ የዞረው። ከመደቡ ጫፍ ያለችው ጽጌረዳ ላይም ነጠብጣብ አለ። ከሥሯ ያለው ሳር ላይም። ማንም ያልተከለው፣ ማንም የማይፈልገው አረም ላይም። በሽታ ዘር ይመርጣል፤ የጡሩምባ በሽታ ጽጌረዳ አይነካም፣ የጽጌረዳ በሽታ ሳር ደጃፍ አይደርስም። ደግሞም በሽታ ቤተሰብ አለው፤ አያት ነጠብጣብ፣ ልጅ ነጠብጣብ፣ ዛሬ የተወለደ የልጅ ልጅ ነጠብጣብ በአንድ ቅጠል ላይ ይገኛል። እዚህ ያሉት ግን ሁሉም እኩያ ናቸው፤ በአንድ ቀን የተወለዱ። በእረፍቷ መጨረሻ ከመሃል የበቀለው አዲስ ቅጠል ደግሞ ምንም የለበትም።

ተነስታ በመተላለፊያው በኩል ዞረች። «ሳሩን አትርገጡ» የሚል ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ሰሌዳው የከለላቸው ሁለት ጡሩምባዎች ከመንገዱ በኩል ሲታዩ ግማሽ ቅጠላቸው ንጹሕ ነው፤ ልክ በሰሌዳው ጥላ ልክ። ቀጥላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄደች። ባለፈው ዓመት አረንጓዴ የተቀባው ወንበር ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለበት።

አጉሊ መነጽሯን ወንበሩ ላይ ደቀነች። አየችው። ቀና አለች።

«እሺ» አለች ጮክ ብላ፣ «ወንበሩስ ከማን ይዞት ነው?»

ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። አፏን በሽርጧ ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቁ አልቆም ብሎ እንባዋን አወረደው። ከዚያ ነጩን በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልለቀቀም፤ ቀለሙ ራሱ ነው የነጣው። በረኪና!

የጽዳት ክፍሉን ኃላፊ የእጥበት ክፍሉ በር ላይ አገኘቻት። ሴትዮዋ ወፍራም፣ ቁጡና ሳቂታ ናት፤ በጀርባዋ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ተሸክማ፣ የጎማ ጓንቷን እስከ ክንዷ ስባ ልትወጣ ነው።

«እትዬ» አለቻት አትክልተኛዋ፣ «ምን አዝለሻል?»

«ሥራዬን።»

«ምን አለበት ውስጡ?»

«በረኪና ነዋ! ሥልጠና እኮ ወሰድን፣ አንቺ እረፍት ላይ ሆነሽ። የኢንፌክሽን መከላከል። ሰው የሚነካው ነገር ሁሉ ይረጫል፤ የበር እጀታ፣ መደገፊያ፣ አግዳሚ ወንበር። ሰርተፍኬትም ሰጥተውናል፤ ላሳይሽ?»

«ወንበሩን ስትረጪ ነፋስ ነበረ?»

«ነፋስ ምን ታደርጊዋለሽ፤ ይነፍሳል!» ብላ ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ የአትክልተኛዋን ፊት አየችና ድምፅዋ ወረደ። «ምነው? አበቦችሽ ላይ ደረሰ እንዴ?»

«ደረሰ! ጡሩምባዎቼን ነጭ ፈንጣጣ አስመስለሽልኛል!»

«እኔ አፈር ልብላ! ሆን ብዬ መስሎሽ ነው? እንዲያውም ትንሽ ሲደርሳቸው ጊዜ፣ ይሁን፣ ከጀርም ይጸዱላታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«መቼ ነው? ቀኑን ንገሪኝ።»

«ሥልጠናው ባለቀ ማግስት። ባለፈው ሳምንት ሰኞ። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርጫው ተበላሽቶ ዛሬ ነው የመጣልኝ። ምን እንዲህ ትመረምሪኛለሽ፣ ፖሊስ ነሽ?»

ባለፈው ሳምንት ሰኞ። የእህቷ ራሶች ከወጡ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነበር ማለት ነው። አትክልተኛዋ የሴትዮዋን ሁለት ጉንጭ፣ መርጫው እየተንቦጫቦጨ፣ ግራና ቀኝ ሳመቻት።

«ኧረ በሞቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች የጽዳት ኃላፊዋ። «አሁን ስትሰድቢኝ አልነበር?»

«አንቺ ብትሆኚ ነው ደስ ያለኝ! ሌላ እንዳይሆን ነበር የፈራሁት። ከእንግዲህ ግን ወንበሩን በጨርቅ ነው የምትወለውይው፤ ተስማማን?»

«ተስማማን። ሰርተፍኬቱ ላይ ጨርቅም አለ።»

መደቡን በብዙ ውሃ አጠበችው፤ ቅጠሎቹን ከላይ፣ አፈሩን እስኪጠግብ። አንድም ቅጠል አልቆረጠችም፤ ተክሉ አዲሱን እስኪያወጣ ግማሽ ቅጠልም ይመግበዋል። ከዚያ ለእህቷ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አስፈቅዳ ወጣች፤ የምሥራቹን በአካል ልታደርስ፣ ራሶቹንም በዓይኗ አይታ ልትመለስ።

የጎሚስታው ዳስ ተዘግቷል። ኮምፕረሰሩ ዝም ብሏል። የግቢው በር ላይ ሦስት ጎረቤቶች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ የእህቷ ባል በሩን በሰውነቱ ደግፎ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጎረቤት እንዳይነካቸው ተብሏል» እያለ ይለምናቸዋል። አትክልተኛዋን ሲያይ ፊቱ እንደ ልጅ ተጨማደደ።

«እትዬ፣ እንዳልሽው አድርገናል» አለ። «ንቅንቅ አላሉም። ውሃም አልቀመሱም። ስልኩንም ዘግቼዋለሁ፣ እንዳይረብሻቸው።»

«እነማን ናቸው?»

«እማማ ናቸዋ!»

አትክልተኛዋ እየገፋችው ገባች።

እናታቸው ከታናሽ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ባለፈው ሳምንት በትልቋ ልጃቸው ሆስፒታል ለተራ ምርመራ ደም ሰጥተው ነበር፤ ውጤቱም ደህና ነው፣ ወረቀቱን አትክልተኛዋ ዛሬ ተቀብላ በቦርሳዋ ይዛዋለች። አሁን አልጋ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ እስከ አገጫቸው ተሸፍነው፣ ጣሪያውን በቁጣ ያያሉ። እህቷ እግርጌ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች።

«እታለም!» ብላ ዘላ ተጠመጠመችባት። «ምን አሉሽ? ደሟ ላይ ምን ተገኘ? ደብቀሽ እንዳትነግሪኝ!»

«ምንም አልተገኘም! እማዬ፣ ተነሺ!»

«ልነሳ?» አሉ እናትየዋ፣ አንገታቸውን ብቻ አዙረው። «ተፈቀደልኝ? ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቅርስ ዕቃ አትንኳት አትንቀሳቀስ እየተባልኩ ተኝቻለሁ። ውሃ ብል፣ የለም። ወደ ደጅ ልውጣ ብል፣ የለም። ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ ይኼ ሰውዬ እንደ ጉምሩክ አቆማት! ምን ሆንኩ ብል ደግሞ፣ እትዬ መቀመጫዎን አይታ ነው የምትወስነው ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ! መቀመጫዬ ምን አደረገሽ?»

አትክልተኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ነገሩ አንድ በአንድ እየገባት፣ ሆዷን ይዛ፣ በመጨረሻ እንደምንም ተናገረች። «ጡሩምባዎቹን እኮ ነው ያልኩት! ራሳቸውን! የአበባውን ራስ! ጎረቤት ያልኩህ ነጭ ሽንኩርቱን ነው!»

«ጡሩምባ የሚለውንማ ሰምቻለሁ» አለ ጎሚስታው ቀስ ብሎ። «የጭነት መኪናው ጡሩምባ የረበሸሽ መስሎኝ ነው።»

«የገዛ ልጄ እኔን 'እናትየው' ብላ ስትጠራኝ አልጠረጠርክም?»

«የሐኪም አነጋገር መሰለኝ እማማ። ሆስፒታል ስለምትሠራ።»

እናትየዋ ብርድ ልብሱን በእግራቸው ገፍተው ተነሱ። እህቷ ያመጣችላቸውን አንድ ትልቅ ጣሳ ውሃ ሳይተነፍሱ ጠጡና ጣሳውን መለሱላት፤ «ድገሚው» ብለው። «በሩን ክፈትላቸው፣ አንተ ሰውዬ፤ ጎረቤቶቼን አስገባልኝ። ደህና መሆኔን ራሴ ልንገራቸው።»

ጎሚስታው እየሮጠ ወጣ። እህቷ ግን አልሳቀችም። ጣሳውን እንደያዘች ቆማ፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ሌላ ሐሳብ ያዘው።

«ቆይ እታለም። የታመሙት ጡሩምባዎቹ ናቸው ማለት ነው?»

«የለም፣ የለም፣ ደህና ናቸው። የኔዎቹ ላይ በረኪና ተረጭቶባቸው ነው። አንቺ ከወሰድሽ በኋላ።»

«የኔዎቹ ግን…» እህቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ከእሁድ ጀምሮ ቢጫ ሆነዋል። እንዳትቆጪኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

የአትክልተኛዋ ሳቅ እዚያው ደረቀ። በረኪናው እዚህ አልደረሰም።

ወደ ጓሮው ወጡ። ግላዲዮለሶቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለዋል። ነጭ ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው። ጡሩምባዎቹ ብቻ ታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ጠዋት ጎረቤቶቹ ሁሉ መታመማቸው ነበር ያሳረፋት፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤቶቹ ሁሉ ደህና መሆናቸው አስፈራት። አንድ ዘር ብቻ ተመርጧል። በሽታ የሚሠራው እንዲህ ነው።

«ምንድን ነው? ንገሪኝ» አለች እህቷ።

«አላውቅም። ዝም በይ።»

እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች፤ ወደ ኋላ ሄደች፤ አየች። ተመልሳ ተንበረከከች፤ ከመሃል የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ለየችው። አረንጓዴ ነው። በጣቷ አፈሩን ስትነካው እንደ ሊጥ ተጣበቀባት።

«ስንቴ ነው የምታጠጪው?»

«ጠዋትና ማታ። እንዳይጠማቸው።»

«አንገታቸውስ የታለ?»

«አንገት?»

ራሱ በጣም ጠልቆ ተቀብሯል። ጡሩምባ አንገቱንና ትከሻውን ከአፈር በላይ አውጥቶ መቀመጥ ይወዳል፤ እህቷ እንደ ድንች አልብሳ ቀብራቸዋለች። አትክልተኛዋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ታወቃት፤ ስትሰጣት ስለ ቢላ አንድ ሰዓት ስታወራ ስለ አንገት አንድም ቃል አልተናገረችም። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ አበስብሷል ወይስ አላበሰበሰም?

ከአራቱ እናቶች በጣም ቢጫ የሆነውን ራስ አወጣች። አሸተተችው። በአውራ ጣቷ መቀመጫውን ተጫነችው፤ ጠንካራ ነው። አልኮሏን አውጥታ ቢላዋን ወለወለች።

«ልትቆርጪው ነው?» እህቷ እጇን ያዘቻት። «እናቱን? ልጅ ቁረጪ!»

«በጣም የታመመውን ነው መቁረጥ፤ እሱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ልቀቂኝ።»

ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ለሁለት ከፈለችው።

ነጭ። ቀለበት በቀለበት ላይ፣ ከዳር እስከ መሃል ነጭ። ቀይ የለም፣ ቡናማ የለም፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ የለም። መሃሉ ላይ ደግሞ፣ ሁለት ልባስ መሐል ተሸጉጣ፣ የትንሿ ጣት ጥፍር የምታክል ሐመራማ ነገር ቁጭ ብላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች እህቷ በሹክሹክታ።

«አበባዋ ናት። በሚመጣው ወቅት ልትወጣ የተዘጋጀችው።» አትክልተኛዋ መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ዘረጋች። «ደህና ናቸው፣ የኔ እመቤት። ሁሉም ደህና ናቸው። ያጠገብሻቸው ውሃ ብቻ ነው።»

እህቷ አንዴ የተቆረጠውን ራስ፣ አንዴ እሷን አየች። ከዚያ ጎኗ ተቀምጣ ግንባሯን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለመለየት የሚያስቸግር ድምፅ አወጣች።

«ዛሬ ሁለቴ ገድለሽ ሁለቴ አዳንሽኝ» አለቻት። «መጀመሪያ እማዬን፣ ከዚያ አበባዬን።»

«እማዬን የገደለው ባልሽ ነው።»

«ይቺን ግን ገደልሻት። አበባ በሆዷ ይዛ!»

«ማን ሞተች አለሽ? እዪ።» አትክልተኛዋ ቢላዋን ደግማ ወለወለችና ሁለቱን ክፋይ ለአራት፣ አራቱን ለስምንት ሸነሸነቻቸው፤ እንደ ብርቱካን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከታች ከመቀመጫው ትንሽ እንዲደርሰው እየተጠነቀቀች። «አበባዋ ዘንድሮ ቀረች፤ እሱ እውነት ነው። ግን አሸዋ ውስጥ ስትሰኪያቸው ከእያንዳንዱ ሥር ትንንሽ ራስ ይወጣል። መቀመጫ ከሌለው አይወልድም። ስምንት አደረግኩልሽ።»

«ስምንቱም ይይዛሉ?»

«ስድስቱ ቢይዙ ጎበዝ ነሽ። አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨማለቅ። ጠዋትና ማታ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

እህቷ የተሰበረ ባልዲ ውስጥ አሸዋ ሞላችና ቁራጮቹን አንድ በአንድ፣ መቀመጫቸውን ወደ ታች አድርጋ ሰካቻቸው። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው የቀሩትን አርባ ሦስቱን ከአፈር ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ። ትልቋ አፈሩን በጣቷ ጠርጋ አንገቱን ታወጣለች፤ ታናሿ ቢጫውን ቅጠል ታነሳለች። ከቤቱ ውስጥ የእናታቸው ድምፅና የሦስት ጎረቤት ሳቅ ይሰማል፤ እናትየዋ ታሪኩን ከመጀመሪያው እየተረኩ ነው፣ መቀመጫው ጋ ሲደርሱ ቤቱ ይናወጣል። ጎሚስታው ይቅርታ ለመጠየቅ ይመስላል፣ ሳይጠሩት አካፋ ይዞ መጥቶ ውሃው የሚወርድበት ቦይ መቅደድ ጀመረ።

ሃያኛው አንገት ላይ እህቷ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች። የተገለጡት ራሶች በሁለት መስመር ትከሻቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰውየው ሐሙስ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» አለች። «ቢጫ ቅጠል አየሁ ቢለኝስ?»

«እውነቱን። አብዝቼ አጠጥቼ ነው፣ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ነጭ ነው በይው። አትክልተኛ ከሆነ ይገባዋል። ካልገባው ደንበኛ አይሆንሽም።»

እህቷ ጥቂት አሰበችበትና ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ይምጣ» አለች።

«ይምጣ። አሁን ጎንበስ በይ፤ ሃያ ሦስት አንገት ይቀረናል።»